በሽበት የመጣ ሜሮን

መስታወት ቆራጩ ሽማግሌ ሱቃቸው ውስጥ ሲቀመጡ፣ ግድግዳውን ተደግፈው በቆሙት መስታወቶች መንገዱ ሁሉ ይገባላቸዋል። ሰው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ደመናው ወለሉ አጠገብ ቀስ ብሎ ያልፋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንዲህ ፈዘው የሚውሉበት ቀን በዝቷል።

አንድ ከሰዓት ልጃቸው ጨቅላ ልጇን ታቅፋ ከች አለች።

«አባዬ፣ የክርስትና አባቷ አንተ ሁንልን።»

«አያትነቱ አይበቃኝም?»

«እማዬ ብትኖር እሷን ነበር የምጠይቀው።»

እሺ አሉ። በማግስቱ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ቁምስና ቢሮ ሄዱ። ወጣቱ ቄስ ወንበር ስበው አስቀመጧቸውና «አባባ፣ ሜሮን ተቀብለዋል?» አሏቸው።

ሽማግሌው የተቀበሏቸውን ምስጢራት በጣታቸው ቆጠሩ። ጥምቀታቸውን በወሬ ነው የሚያውቁት። የመጀመሪያ ቁርባናቸው ግን ትዝ ይላቸዋል፤ ላንቃቸው ላይ ተጣብቆ፣ እንዳይጎዱት ሰግተው ምላሳቸውን ሳያንቀሳቅሱ ቤት ደርሰዋል። ተክሊሉም ትዝ ይላቸዋል፤ ቀለበቱ አልገባ ብሎ ሙሽሪት ሳቋን አፍና ስትንቀጠቀጥ። የቀንዲሉም ዘይት በታመሙት ሚስታቸው ግንባርና መዳፍ ላይ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ መጋረጃው ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ ሲል። ከጥምቀት በኋላ፣ ልጅ ከፍ ሲል በጳጳስ እጅ የሚቀባው ሜሮን ግን የለም።

«ልጅ ሳለሁ ጳጳሱ የመጡ ዕለት ኩፍኝ ይዞኝ ተኝቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮ አጣደፈኝ፣ አባ።»

«የክርስትና አባት ለመሆን እሱ መቅደም አለበት» አሉ ቄሱ። «ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የክፍል ጓደኞችዎ ብቻ ትንሽ ልጅ ልጅ ይላሉ።»

ቅዳሜ ጉልበታቸው ከዴስኩ ስር አልገባ ብሎ በጎን ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለችው ልጅ ጠጋ ብላ «አባባ፣ ወድቀው ነው የሚደግሙት?» አለቻቸው።

«ኧረ ገና አንደኛዬ ነው!»

ከበዓሉ በፊት ንስሐ ገቡ። የተናገሩትን ከቄሱና ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሲወጡ ግን ቀልሏቸው ኮፍያቸውን ረስተው ሄዱ።

ሜሮን ተቀባይ እንደ ክርስትና አባት ወይም እናት ሆኖ ትከሻው ላይ እጁን የሚጭንለት ሰው ያስፈልገዋል። ልጃቸውን መረጡ።

«እንግዲህ እናቴ ልትሆኚ ነው።»

«ታዲያ እንዳታስቸግረኝ!»

ዕለቱ ደረሰ። በባለቀለሙ መስኮት የገባው ብርሃን ተሰላፊዎቹን ቀይና ሰማያዊ እያለበሰ ያሳልፋቸዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሽማግሌው የመስኮቱን ስንጥቅ ይፈልጉ ነበር፤ ያን ቀን ዓይናቸው ሥራ ፈታ። ጳጳሱ አውራ ጣታቸውን ዘይቱ ውስጥ ነክረው በሽማግሌው ግንባር ላይ መስቀል ሠሩ። ቃሉ ከውሃ በታች እንደሚሰማ ድምፅ ከሩቅ መጣላቸው። ሽታው ጣፋጭ ነበር። ትከሻቸው ላይ ያረፈችው እጅ ሞቀቻቸው፤ ለአፍታም የሚስታቸው እጅ መሰለቻቸው። ሕልሙ እንዳይበተንባቸው ዞረው አላዩም።

«አሜን» አሉ፣ ቀጭን በሆነ ድምፅ።

በሚቀጥለው ወር የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጠመቂያው አጠገብ ቆሙ። ቄሱ «ሰይጣንን ትክዳላችሁን?» ቢሉ «እክዳለሁ!» ብለው በጮኹት ጩኸት ሕፃኗ ከእንቅልፏ ባንና አለቀሰች። ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ተሞላ፤ ቄሱም የሚያነቡበት መስመር ጠፍቶባቸው ቆዩ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሕፃኗ እቅፋቸው ውስጥ መልሳ ተኝታለች፤ ፀጉሯ አሁንም እርጥብ ነው።

«ደክሞሃል፣ ስጠኝ» አለች እናቷ።

«ተዪኝ እስቲ ትንሽ» አሉ፣ እርምጃቸውንም ቀነሱ።