አፌ «ጡ» አላለም

በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ያቺን ፊልም ይደቅናታል። «ዘመን የማይሽረው» ይሏታል እቴ! አቅራቢዋ ፈገግ ብላ «ከመድረክ ተውኔት ወደ ፊልም የተመለሰ ድንቅ ሥራ» ስትል ደሜ ይፈላል። እንዳለ ተመልሶ ቢሆንማ ምን ከፋኝ! የመጨረሻዋን ቃሌን አስቀርተው ነው የመለሱት። ፊልሟ ላይ ሚስቲቱን ሆኜ የምታየው እኔ ነኝ። ፊቱ የኔ ነው፣ ነጠላው የኔ ነው፣ አፉም የኔ ነው። የመጨረሻው ድምፅ ግን የኔ አይደለም።

ያን ጊዜ እዚህ አቃቂ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ፋብሪካው የኪነት ቡድን ነበረው፤ ከፈረቃ ስንወጣ ጥጡ ከፀጉራችን ሳይራገፍ አዳራሽ ገብተን እንለማመዳለን። ተውኔቱን የጻፈው አብሮን የሚሠራ የሽመና ክፍል ሰው ነው። ታሪኩ ስለ አንዲት ባለትዳር ነው። ባሏ የልጆቹን ጉሮሮ ዘግቶ ውሽማ ቤት ይከርማል፤ መጥቶም የሚቆጣው እሱ ነው። እሷ «እርስዎ እንዳሉ»፣ «ይብሉ እንጂ»፣ «አይቆጡ» እያለች ሦስት ገቢር ትገፋለች። በመጨረሻ የሟች እናቷን ጥልፍ ቀሚስ ወስዶ ለውሽማው ሲሰጥባት በሩን ትከፍትና «ውጣ!» ትለዋለች። በቃ፣ ሌላ ንግግር የለም። መጋረጃው ይዘጋል።

«አየሽ» ይለኝ ነበር ደራሲው፣ «ይሄን ሁሉ አንቱ የማስብልሽ ለዚህች ለአንዲት ‹ውጣ› ስል ነው። እሷን ካበላሸሽ ሌላውን ባትጫወቺው ይሻላል።»

አላበላሸኋትም። መጀመሪያ ያሳየን ዕለት «ውጣ!» ስል አንዲት የፈትል ክፍል ልጅ ከኋላ ወንበር «እሰይ! አበጀሽ!» ብላ ብድግ አለችና እልልታው ቀለጠ። ከወንዶቹም ያጨበጨቡ ነበሩ፤ የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ።

እኔ ራሴ ባለቤቴን አንቱ ነበር የምለው። በዕድሜ እጅግ ይበልጡኛል፤ ሽማግሌ ልከው ከአባቴ ቤት የወሰዱኝ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ውሽማ የላቸውም፣ መጠጥ አይቀምሱም፣ በሐሰት አልመሰክርም። ግን እሳቸው ሲናገሩ እኔ ዝም፣ እሳቸው ሲቆጡም እኔ ዝም ነው። በዚህ ዓለም ላይ አፌን ሞልቼ የምናገረው ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነበር። እሷን ብዬ ከመድረክ ስወርድ ሰውነቴ ቅልል ይለኝ ነበር።

ተውኔቱን ወደውት ፊልም ሠሪዎች መጡና ሳሪስ አንድ ግቢ ተከራይተው ቀረጹን። ያኔ ድምፅ የሚገባው በኋላ ነው፤ ስቱዲዮ ተቀምጠሽ ምስልሽን እያየሽ፣ ከከንፈርሽ ጋር እያገጣጠምሽ ትናገሪያለሽ። ሁሉንም ተናገርኩ። የመጨረሻዋን ትዕይንት «ሌላ ቀን እንጠራሻለን» አሉኝ። ብጠብቅ ብጠብቅ ጠሪ ጠፋ። ሄጄ ስጠይቅ «ፈረቃ ላይ ስለነበርሽ ጨረስነው» አሉኝ። እንዴት አድርጋችሁ ነው የጨረሳችሁት? አፉ የኔ!

የምርቃቱ ዕለት ሲኒማ ቤት ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ያ ትዕይንት ደረሰ። በሩን ከፈትኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ አንዲት ቀጭን የሴት ድምፅ «ይውጡ» አለች።

ይውጡ! በመድኃኔ ዓለም፣ ይሄ ምን የሚሉት ነው? የክሊኒክ ተረኛ «እርስዎ ይውጡ፣ ቀጣዩ ይግቡ» እንደምትለው እኮ ነው! ደግሞ አይገጥምም። «ጡ» ለማለት ከንፈር መሞጥሞጥ አለበት፤ ካላመናችሁኝ መስታወት ፊት ቆማችሁ ሞክሩት። የኔ አፍ «ጣ» ብሎ ወለል ብሏል፤ የታች ጥርሴ ሁሉ ይታያል። እልል ያለ ሰው የለም። ሕዝቡ ነጠላውን እያጣፋ ወጣ። ባለቤቴ ደስ ብሏቸው «ጨዋ ሥራ ነው» አሉኝ።

የፊልሙን አዘጋጅ በር ላይ ያዝኩት። «ቃሌ የት ገባች?» አልኩት።

«ምን ላድርግ እህቴ» አለኝ፤ «ባለቤትሽ ሽማግሌ ላኩብኝ። ጋቢያቸውን የለበሱ አባቶች ቢሮዬ መጥተው ‹ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም› ብለው ቆሙ። ‹ሚስት በአደባባይ ባሏን አንተ ካለች የዚህ ሰው ቤት ምን ሊባል ነው?› አሉኝ። ሽማግሌ እንዴት ይመለሳል?»

ወይ ጉድ! ለሚስት ሽማግሌ ይላካል፣ ለተጣላ ሽማግሌ ይላካል፤ ለአንዲት ቃል ሽማግሌ ሲላክ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔን ሲያጩኝ እንኳ አባቴ «ልጄን ልጠይቅ» ብለው ቀን ቀጥረው ነበር። ቃሌን ሲወስዱ ግን የጠየቀኝ የለም።

ቤት ስንገባ መጣላት አማረኝ። ግን በአንቱ እንዴት ይጣሏል? «ሽማግሌ ልከው ቃሌን አስወሰዱብኝ፣ ምነው?» አልኳቸው፤ ከአፌ ሲወጣ ልመና ሆኖ ቁጭ አለ። «ለክብርሽ ነው» አሉና ጋዜጣቸውን ገለጡ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደራሲው ሞተ፣ አዳራሹ መጋዘን ሆነ፣ ልጆቻችን አድገው ወጡ፣ እኛም ኮንዶሚኒየም ደርሶን ቱሉ ዲምቱ ገባን። ፊልሟ ግን አትሽርም። ታክሲ ውስጥ እንኳ ሰው ያውቀኛል፤ «ማዘር፣ ያቺ ጨዋ ሚስት እርስዎ ነዎት አይደል?» ይለኛል። ጨዋ! ጨዋነታቸውን ይዘው ገደል ይግቡ!

ባለፈው ፋሲካ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለቀቋት። ባለቤቴ አሁን አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ጨርሶ ከድቷቸዋል። መሣሪያ ቢገዛላቸው «ጮኸብኝ» ብለው አውልቀው ጣሉት። የምንግባባው በአፌ እንቅስቃሴ ነው፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ቀስ ብዬ «ምሳ ይብሉ» ስላቸው ከከንፈሬ ላይ ያነቡታል። ከታች ፎቅ የምትኖር ወጣት ጎረቤቴም እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጥታ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ልነሣና ወጥ ቤት ልገባ ስል ያ በር ተከፈተ። ቀጭኗ ድምፅ «ይውጡ» አለች።

ጎረቤቴ ሳቀች። «ማዘር፣ ሳውንዱ አልገጠመም እኮ! አፍዎ የሚለው ሌላ ነው!»

«አንቺ ዛሬ ነው ያየሽው» አልኳት፤ «እኔ ዕድሜ ልኬን አየሁት።»

ባለቤቴ አልሳቁም። ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳዘነበሉ ቀሩ። የፊልሙ ሠራተኞች ስም ማለፍ ሲጀምር ወደ እኔ ዞሩና ጆሮው እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብለው፣ «‹ውጣ› ነው እንዴ ያልሽው?» አሉኝ።

ክው አልኩ። አገር ምድሩ «ይውጡ» ሲሰማ ኖሮ፣ ያቺን ቃል ከከንፈሬ ላይ ያገኟት ሽማግሌ ልከው ያስጠፏት ሰውዬ ብቻ! ጎረቤቴ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። እንደ ልማዴ «ይተዉት» ልላቸው ከንፈሬን አሞጥሙጬ ነበር። ንዴቴ መለሰኝ። ሄጄ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ፤ መነጽራቸውን እስኪያስተካክሉም ጠበቅኳቸው።

«አዎ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ አፌን ሞልቼ። «‹ውጣ› ነው ያልኩት። ሽማግሌ ልከህ ወሰድክብኝ።»

ከንፈሬን አየ። የሰማው መሆኑን ከፊቱ አወቅኩ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሌላ እንዳይሰማ ነዋ! አገጩን ይዤ ቀና አደረግኩትና ደገምኩለት።