እስከ ሃምሳ ብቻ የሚደርስ ሌንስ

ማሪትሳ ኩበር ፒዲ በምትባል የአውስትራሊያ የበረሃ ከተማ ተወልዳ እዚያው ሃምሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት ናት። አባቷ ከግሪክ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ሲቆፍር ኖሮ ሞተ፤ እናቷም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። አንድ ወንድም አላት፤ ሩቅ ፐርዝ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ለገና ይደውላል። እሷ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ምሳ እየጫነች አቅም ላነሳቸው አዛውንቶች ቤት ለቤት ታደርሳለች። ዘጠኝ በር ነው የምታንኳኳው። አብዛኞቹ እንደ አባቷ ለኦፓል መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ያላገቡ ወይም ሚስታቸው ሙቀቱን ሸሽታ የሄደችባቸው፣ ኮረብታውን ፈልፍለው በሠሩት ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ወንዶች ናቸው።

ካሜራ የገዛችው ከእነሱ ጋር አሥረኛ የነበረው ሲሞት ነው። ለቀብሩ ማስታወቂያ ፎቶ ተፈለገ፤ ከመንጃ ፈቃዱ በቀር ምንም አልተገኘም። አርባ ዓመት እዚያ የኖረ ሰው በአውራ ጣት ልክ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ማሪትሳ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ስታስብ ዋለች። የሌሎቹ እንዲህ አይሆንም አለች።

ግን ከመሬት በታች ያለ ቤት መስኮት የለውም። ያለው ብርሃን ከበሩ የሚገባውና ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው አንድ አምፖል ነው። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ሩቅ ያለውን ሳብ አድርጎ ያቀርባል እንጂ ጨለማ ላይ ዋጋ የለውም፤ ፊቶቹ ሁሉ እንደ ጭስ ይደበዝዙባታል። ፍላሽ ሞከረች። ከዘጠኙ አንዱ፣ ከአባቷ ጋር ጉድጓድ ይቆፍር የነበረው ሰርቢያዊው ድራጉቲን ሹካውን ጥሎ ፊቱን ሸፈነ።

“ምነው ልጄ! ዳይናማይት ነው እንዴ የምታፈነጂብኝ?”

“ይቅርታ ጋሼ። ሁለተኛ አልደግምም።”

“ከጉድጓድ በሕይወት የወጣሁት አንቺ ጋ ልሞት ነው?” አለና ሳቀ። እሷም ሳቀችና ወደሚቀጥለው በር ሄደች።

ከዚያ በኋላ ማምሻውን ኢንተርኔት ላይ ስለ ሌንስ ማንበብ ሥራዋ ሆነ። የማታውቃቸው ሰዎች እዚያ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ያወደሰውን ሌላው ያራክሰዋል። ጥያቄ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስቴም አጠፋችው። ስለ ማን ፊት እንደምትጽፍ ለማያውቃት ሰው ማስረዳት ከበዳት።

በሚያዝያ ጥርሷን ለመታከም አውቶቡስ ተሳፍራ ትልቁ ከተማ አዴሌድ ወረደች። ሐኪሙ ጋ ስትጨርስ ግማሽ አፏ እንደደነዘዘ ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጥበት ሱቅ ገባች። ግሌኒስ የምትባል ሽበታም፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ አንገቷ ላይ ያሰረች ሴት ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣለች። ማሪትሳ የሌንሶቹን ስም የጻፈችበትን ወረቀት ዘረጋችላት።

“ወረቀቱን ተይው፣ የኔ እመቤት” አለች ግሌኒስ። “ምን እንደምታነሺ አሳዪኝ።”

ካርዱን ከካሜራው አውጥታ ኮምፒውተሯ ላይ ሰካችው። አራት መቶ ያህል ፎቶ እያሳለፈች አየች። እያንዳንዱ ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር ተስቦ እንደተነሳ ከሥሩ ተጽፏል።

“መቶ። መቶ ሠላሳ። መቶ ሃያ። ሁሉንም ከሩቅ ነው ያነሳሻቸው። ሰዎቹ ይፈሩሻል ወይስ አንቺ ትፈሪያቸዋለሽ?”

“ምግብ አድራሽ ነኝ። በር ላይ ሆኜ ነው የማነሳቸው። የሚጠብቁ ስምንት ቤቶች አሉብኝ፤ ይቀዘቅዛል።”

“እኔ ስለ ምግቡ ጠየቅኩሽ እንዴ?”

 ግሌኒስ መልስ ሳትጠብቅ ከመደርደሪያው ሦስት ሌንሶች አውርዳ አሰለፈችላት።

የመጀመሪያው የካሜራው ፋብሪካ የራሱ ነበር፤ ብርሃን እንደ ልብ የሚያስገባ፣ ሲይዙት የሚያስጎመጅ፤ ዋጋው ግን ከወር ደሞዟ ግማሹን ይወስዳል። ሁለተኛው በርካሽ የሚገኝ፣ እስከ መቶ አምስት የሚሳብ ነው፤ ከድሮው ይሻላል እንጂ ለዋሻ ቤት ብርሃኑ አይበቃም። ሦስተኛው ሌላ ኩባንያ የሠራው፣ ጠርዙ የተፋፋቀ፣ ሲያተኩር የሚጮህ አሮጌ ነው፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር።

“ይሄ መልኩ አያምርም” አለች ግሌኒስ። “ግን ከድሮው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባልሻል። ብትስቢውም ብትመልሺውም አይጨልምብሽም። ጠባብ ክፍልም ሙሉውን ይይዝልሻል። ችግሩ፣ ስቦ የሚያቀርበው እስከ ሃምሳ ብቻ ነው። በር ላይ ቆመሽ ፊት ማንሳት የለም፤ መግባት አለብሽ።”

ማሪትሳ ሁለተኛውን አነሳች፤ አስቀመጠች። “ትንሽ ልዘዋወር” ብላ ወጣችና ትራም ማቆሚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ ያህል የሚያልፈውን ሰው ስታይ ቆየች። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም የሚያውቃት አልነበረም፤ እዚያ አገሯ ደግሞ ሁሉም ያውቋታል፤ ልዩነቱ እስከዚህም አልመሰላትም። ተመልሳ አሮጌውን ገዛች።

ማክሰኞ ዕለት የድራጉቲን በር ላይ ቆመች።

“ጋሼ፣ ልግባ?”

“በሩ ተዘግቶብሻል እንዴ?”

ገባች። ምሳውን አስቀምጣ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ጎንበስ ብላ ካሜራውን ደገነች። ሌንሱ እዝዝ አለ።

“ንብ አስገባሽበት?”

“አሮጌ ነው ጋሼ፤ ይጮኻል።”

“እንደኔ በይዋ” አለና ሾርባውን መጠጣት ቀጠለ። ሰባት ስምንት ጊዜ አነሳችው፤ ፍላሽ የለም፣ ፊቱንም አላዞረም።

ቤቷ ገብታ ፎቶዎቹን አየች። ጺሙ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አሮጌ ጠባሳው፣ ከጥፍሩ ሥር ያልለቀቀው ቀይ አፈር፣ ሁሉም አለ። መጨረሻ ላይ ክፍሉን በሙሉ ያነሳችው ነበር። እሱን አተልቃ አየችው። ጠረጴዛው ላይ ከድራጉቲን ፊት ለፊት ሌላ ሳህን አለ። ሹካና ቢላ በወጉ ተቀምጠዋል፤ ብርጭቆ በአፉ ተደፍቷል። ወደ ድሮዎቹ ፎቶዎች ተመለሰች፤ ከሩቅ ስባ ያነሳቻቸው ስለሆኑ ከፊቱ በቀር የሚታይ አልነበረም።

በማግስቱ ጠየቀችው።

“ጋሼ፣ ይሄ ሳህን የማን ነው?”

“የማንም አይደለም።”

“ታዲያ?”

ድራጉቲን ዳቦውን ቆረሰ። “ሥራውን የጀመርሽ ሰሞን ‘አብረን እንብላ’ ብዬሽ ‘ዛሬ ጊዜ የለኝም’ አልሽኝ። ነገ ይኖራታል ብዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ማንሳት ረሳሁ።”

አልረሳም። በዚያ አገር አቧራ የማይለብስ ነገር የለም፤ ሳህኑ ግን ንጹሕ ነበር። ማሪትሳ ሥራውን ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏታል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የመንገዷን ቅደም ተከተል ለወጠችና እሱን መጨረሻ አደረገችው። ክረምቱን በሙሉ ምሳቸውን አብረው በሉ። ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ ስለ አባቷ የማታውቀውን ይነግራታል፤ አንዳንዴ ሬዲዮውን ያዳምጣሉ። ስትወጣ “መኪናሽን ቀስ” ይላታል፤ መልሷ “እሺ ጋሼ” ነው። ያው ነበር።

በጥቅምት እግሮቹ እምቢ አሉት። የእህቱ ልጅ ከሜልበርን መጥቶ በሁለት ቀን ውስጥ ዕቃውን ጠቀለለና እሱን ወደዚያው ወሰደው። ማሪትሳ ያሳተመችውን ፎቶ መኪናው ሊነሳ ሲል ለድራጉቲን ሰጠችው። ዓይኑ አጠገብ አድርጎ ብዙ አየው።

“ወንድሜን መሰልኩ” አለ። ደግሞ ወደ እሷ ዞሮ “ያንቺስ የታል?” አላት።

“የኔ አልተነሳም ጋሼ።”

ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ተነሳ።

እሑድ እሑድ ትደውልለታለች፤ ጆሮው ከብዷል፣ በስልክ ደግሞ ይብሳል፤ “ማን ነሽ?” እያለ ይጮኻል፤ እሷም ስሟን እየጮኸች ትነግረዋለች። አንዳንዴ ይሰማል።

አሁን በሮቹ ስምንት ናቸው። መጨረሻ የምትደርሰው ጌዛ የሚባል ሃንጋሪያዊ ጋ ነው። ገብታ አጠገቡ ቆማ ታነሳዋለች፤ ሌንሱ እዝ ይላል፤ እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ይበላል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳህን አንድ ነው። ሥራዋን ስትጨርስ መኪናዋ ውስጥ ትገባለች፤ ዝንቡ እንዳይገባባት መስኮቱን ዘግታ፣ የራሷን ምሳ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትበላለች።