የኡመር ሰይድ የእሑድ ሮኬት

ባለቤቴ ኡመር ሰይድ ወደ አኼራ ሄደዋል። ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት መርካቶ መጥታችሁ የቧንቧ ዕቃ መሸጫቸውን ዝግ ሆኖ ስታገኙት ነው። ላልሰማችሁት ይህን እጽፋለሁ። ዒዳ ላይ ነኝ፤ ባሏ የሞተባት ሴት እንደሚገባት ከቤት ስለማልወጣ ለመጻፍ ጊዜ አለኝ።

ሱቃቸውን የምታውቁ ከመደርደሪያው በላይ የተሰቀሉትን የውሃ ፕላስቲኮች ታስታውሳላችሁ። ሮኬቶች ናቸው። ፕላስቲኩ ሲሶ ያህል ውሃ ይገባበትና ተገልብጦ ቧንቧ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በብስክሌት መንፊያ አየር ይነፋበታል። የያዘው ገመድ ሲሳብ ውሃውን ወደ ታች ተፍቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ስልካቸው ላይ አይተው ነው የጀመሩት። ቫልቩን ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቆረጡ፤ የቀረውን ከሱቃቸው ዕቃ ሠሩት። ጎረቤት ነጋዴዎች «ጋሼ ኡመር፣ ጨረቃ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው?» ሲሏቸው፣ «እዚያ ውሃ የለም፤ ቧንቧ ማን ይገዛኛል?» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ለብቻቸው መጫወት አይሆንላቸውም ነበር። ልጃችን ሐያት እሑድን የምፈልገው ለእንቅልፍ ነው እያለች ብታጉረመርምም ክንፎቹን እንድትቆርጥ አደረጓት። እኔን መንፊያውን አስያዙኝ። የጓዳ ሥራ አለብኝ ስላቸው «ሞተሩ አንቺ ነሽ፤ ያለ ሞተር ወዴት እንሄዳለን?» አሉኝ። ሰውን ወደ ጨዋታቸው ሲያስገቡ እንዲህ ነበሩ። ስለ ሮኬት ብዙ አያስረዱም፤ የሚሠራ ነገር እጁ ላይ ያስቀምጡለታል።

አጥብቀው የፈለጉት ግን አባታቸውን ነበር። አባባ ሰይድ ከወሎ መጥተው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ አሁን ከእኛ ጋር ያሉ አዛውንት ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ቤት ቀሩ። ለጁምዓ እንኳ መውጣት ተዉ። ባለቤቴ ይህን እያዩ እህል አይወርድላቸውም ነበር።

ሮኬቱ ከጃንጥላ ጨርቅ የሚሰፋ ፓራሹት ያስፈልገው ነበር። «መውጣቱን ውሃው ያውቅበታል፤ ሥራው ማውረዱ ነው» ይሉ ነበር። አባታቸው እንዲሰፉላቸው ቢለምኑ፣ የልጅ መጫወቻ አልሰፋም ብለው መለሷቸው። ባለቤቴ አልተከራከሩም። ራሳቸው ሰፉትና ተኮሱት። ጨርቁ ሳይከፈት ወደቀ፤ ሮኬቱም ተጨረማመተ። ጨርቁን አምጥተው አባታቸው ጉልበት ላይ አኖሩት።

አባባ ስፌቱን አገላብጠው አዩት። «ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«የሰይድ ልጅ ነኝ ብለህ ለሰው እንዳትናገር።»

በዚያው ሳምንት የስፌት መኪናው ድምፅ ከክፍላቸው ተሰማ። ስፌቱ ሲያልቅ ግን ሂዱና ተኩሱ ብለው ሰጡን። ባለቤቴ ደግሞ ሰፊው ሳያየው አይተኮስም አሉ። እሑድ በመጣ ቁጥር ዕቃውን መኪናችን ላይ እንጭናለን፣ አባባ አይወጡም፣ መልሰን እናወርዳለን። ሐያት «አባዬ፣ ጎረቤት ቤት ልንለቅ መስሎታል እኮ» ብላ ስትነተርካቸው እሳቸው ይስቃሉ። አንድ እሑድ አባባ ኮታቸውን ለብሰው መጡና መኪናው ውስጥ ገቡ። እኛም ተከትለናቸው ገባን።

ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ሮኬቱ ወጣ፤ ጨርቁም ተከፈተ። እኛ ስናጨበጭብ አባባ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «አንዱ ክር አጥሯል፤ ወደ ግራ ይጎትታል» አሉ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ጠዋት የሚቀሰቅሱን እሳቸው ሆኑ። ለጁምዓም መውጣት ጀመሩ።

ባለቤቴ ሲታመሙ ስለ ሱቁ ብዙ አልተናገሩም። «ሌላውን ሐያት ታውቅበታለች። አባባ ግን ተመልሰው ቤት እንዳይቀሩ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ሲነሣ አባባ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። የምናቀርብላቸው ምግብ እንደ ቀረበ ይመለስ ነበር። እጃቸውን ይዤ ሜዳ እንዳልወስዳቸው እኔ ዒዳ ላይ ነኝ።

ባለፈው እሑድ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ሐያት ሮኬቱን ይዛ ልትሄድ ተነሥታለች፣ የሚያግዛት የለም፣ እኔ መውጣት አልችልም አልኳቸው።

«ነፋስ አለ?» አሉ ከውስጥ።

«ትንሽ አለ፣ አባባ።»

በሩ ተከፈተ።

የሐያት አባት፣ አሁን ለእርስዎ ልንገርዎ፤ አባትዎና ልጅዎ ሄደው ከዐስር ሶላት በፊት ተመለሱ። አባባ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሁሉንም ነገሩኝ። ሐያት ስትነፋ ደክሟት ነበር። ሮኬቱ ከዛፎቹ በላይ ወጣ፤ ነፋሱም ጤፍ ማሳ ውስጥ ጣለው። ሊያነሡት ሄደው ከባለማሳው ጋር ሲጨዋወቱ ቆዩ። ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ራባቸው፤ ምሳ አቀረብኩላቸው፣ በሉ። አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎ። አባትዎ ወጥተዋል፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎ።