ለእንግዳ የተቀመጠው ማይክሮስኮፕ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ድሬ ዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ የሰው አክታ ስላይድ ላይ ቀብቼ፣ ቀለም አልብሼ፣ የቲቢ ባክቴሪያ መፈለግ ነው። የምፈልግበት ማይክሮስኮፕ ግን ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ አብቅሏል፤ የድሬ ሙቀት እንኳን ለመስታወት ለሰውም አይመች። ሰማያዊ መደብ ላይ አንዲት ቀይ ጭረት ለማግኘት እንባዬ እስኪመጣ አፈጣለሁ።

ከግድግዳው ወዲያ፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ አዲስ ማይክሮስኮፕ ተቆልፎበታል። ፍሎረሰንስ ይባላል፤ ባክቴሪያው ልዩ ቀለም ይጠጣና ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ሆኖ ቦግ ይላል። ከመጣ ዘጠኝ ወሩ ነበር። ኃላፊያችን የተሸፈነበት ፕላስቲክ እንዳይነሳ አዘዋል። ሶፋ ላይ ከነፕላስቲኩ የምንቀመጥ፣ ጥሩ ጥሩውን ብርጭቆ ለእንግዳ ብለን የምንቆልፍ ሰዎች አይደለን? ቁልፉን ለመንኳቸው፣ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በመጨረሻም ጮህኩባቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ቢሰበር ማን ይተካዋል? ጎብኚ ሲመጣስ ምን ልናሳይ ነው?» አሉኝ።

ስለ በሽተኛው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ሳቢያን ሰፈር ሳምቡሳ የምትጠብስ አንዲት እናት ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር። ጉንጯ ገብቷል፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ሁለቱንም ጊዜ «ኔጋቲቭ» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የሳል ሽሮፕ ይዛ ሄደች።

ለሦስተኛ ጊዜ አክታዋን ሰጥታ ወደ ቤቷ የተመለሰችበት ቀን ጎብኚዎች የሚመጡበት ቀን ሆነ። ኃላፊው ፕላስቲኩን በገዛ እጃቸው ገፈፉና «የሚታይ ነገር አዘጋጂ» አሉኝ። ከእሷው አክታ ሁለት ስላይድ ሠራሁ፤ አንዱን ለአሮጌው፣ አንዱን ለአዲሱ። በአሮጌው ምንም የለም። በአዲሱ ግን ቢጫ ጭረቶች፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት።

ጎብኚዎቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ አዩ። አንዷ ስልኳን ሌንሱ ላይ ደቅና ፎቶ እያነሳች «እንዴት ያምራል!» አለች።

«የሚያምረው የሰው ሳንባ ነው!» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። «ሁለቴ ቲቢ የለብሽም ብዬ የመለስኳት ሴት ሳንባ!»

ኃላፊው እንግዶቹን ወደ ሻይ መሯቸው፤ ከዚያ ተመልሰው መጡና ፕላስቲኩን ከወለል ላይ አነሱ። ሊያለብሱት! ከእጃቸው ቀማሁና በመቀስ ቆራረጥኩት። ቢፈልጉ ይቅጡኝ፣ ለዚያ አልጸጸትም።

ባጃጅ ይዤ ሳቢያን ሄድኩ። በሯ ላይ ብረት ድስቷን ጥዳ አገኘኋት። ለብቻዋ ጠጋ ብዬ ውጤቱን ነገርኳት፤ መድኃኒቱ በነጻ እንደሆነ፣ ሳታቋርጥ ከዋጠችው እንደሚያድናት ጭምር። ድስቱን ከእሳቱ አወረደች።

«አቦ፣ ሁለቴ የለም ብላችሁኝ አልነበር? አዲስ ማሽን መጣላችሁ እንዴ?»

መንገዱን ሙሉ ኃላፊውን ስረግም ነበር የመጣሁት። እውነቱን ልነግራት፣ አብረን ልንጮህ አስቤ ነበር። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የሳቸው አይደለም፤ የኔ ነው። ፈራሁ።

«አዎ፣ ዛሬ መጣ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ! ወላሂ፣ በጊዜው ደረሰልኝ እህቴ» ብላ ዘይት በነካው እጇ እጄን ጨበጠችኝ።

ከበሩ መጋረጃ ኋላ የትንሿ ልጇ ሳል ተሰማ።