የተመረገው ካብ

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ተራ ሥራ ነጭ ሽንኩርት ማረም ነበር። ግንቦት ነው፤ የደብረ ታቦር ጠዋት ገና አልሞቀም። እሳቸው በአንዱ ትልም፣ እኔ በሌላው ቁጭ ብለን አረሙን እየነቀልን ከጓሯችን ካብ ሥር እንጥላለን። እንሽላሊቶቹ ከድንጋዮቹ መሐል ወጥተው ፀሐይ ይጠብቃሉ። አንዷ ጅራቷ የተቆረጠ ነበረች፤ እሷን ሁለታችንም እናውቃታለን።

«ይችማ ከእኛ ቀድማ ትነሣለች» አሉ።

ያን ሰሞን ጣሊያን መሣሪያውን ያላስረከበ ይሰቀላል ብሎ አስለፍፎ ነበር። ባለቤቴ የአባታቸውን ጠመንጃ አላስረከቡም። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ጎረቤት ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ካቡን ከአንድ በኩል አፈረሱና ጠመንጃውን በቆዳ ጠቅልለው ከውስጥ አጋደሙት። እሑድ ሥራ ሲሠሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ድንጋዩን መልሰው ከካቡ በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ስለሆነ፣ ውሃ ገብቶ እንዳያዝገው የዚያን በኩል ቀዳዳ ሁሉ ጭድ በገባበት ጭቃ መረጉት። ጭቃው ሲደርቅ የድንጋዩን መልክ ያዘ። ከመንገድ ለሚያየው ምንም አያስታውቅም።

የዚያ በኩል እንሽላሊቶች ግን ቤታቸው ተዘጋባቸው። ወደ እኛ ቤት ይገቡ ጀመር። አንዱን ከጎታው ሥር፣ አንዱን ከመኝታችን ላይ አገኘሁ። ዳዊቴን ከተሰቀለበት አውርጄ ማኅደሩን ስከፍት አንዱ እጄ ላይ ዘለለ።

«ደግ አይመስለኝም። ጭቃውን ትንሽ ሸንቆር ያድርጉላቸው» አልኋቸው።

«ተያቸው፣ ይክረሙ። እህል አይበሉብን» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ለጣሊያን ያደረ አንድ ባንዳ ወታደሮች አስከትሎ ፀሐይ ሞቅ ሲል መጣ። እዚሁ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ! እታለም፣ ጠላ የለም?» እያለ ገባ። ወታደሮቹ ጎታውን ገለበጡ፣ መደቡን ቆፈሩ፤ ምንም አጡ። ሊወጣ ሲል ከጓሮው ቆመና በያዘው አለንጋ ካቡን ለጨዋታ ገረፈው። እንሽላሊቶቹ ባልተመረገው በኩል በየቀዳዳቸው ጥልቅ አሉ። ጅራተ ቆራጣዋ ብቻ ውጭ ቀረች። በተመረገው ላይ ወዲያ ሮጠች፣ ወዲህ ተመለሰች፤ ጭቃውን ቧጠጠችው።

«ምነው ጋሼ፣ ይችን ቤቷን ነሷት?» ብሎ ሳቀ።

ወዲያው ሳቁን ተወ። ጠጋ ብሎ ጭቃውን በጥፍሩ ፋቀው።

«የጓሮ ካብ ማን ይመርጋል?»

ባለቤቴ ወደ እኔ አልዞሩም። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ወታደሮቹ ካቡን አፍርሰው ጠመንጃውን አወጡ፤ እሳቸውንም ይዘው ሄዱ። ገበያው ዳር መሰቀላቸውን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ሬሳቸውን እንዳነሣ አልተፈቀደልኝም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወንድሜ ካቡን ልሥራልሽ ቢለኝ እንቢ አልሁት። እንሽላሊቶቹ በፈረሰው ድንጋይ ውስጥ ይራባሉ። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርቱን ብቻዬን አርማለሁ።