ካርታው ላይ ያጣሁት በረዶ

ሥራዬ የሰሜን ዋልታ የባሕር በረዶ ወደፊት ምን ያህል እንደሚቀንስ በአየር ንብረት ሞዴል ማስላት ነው። ያን ሰሞን ቡራዩ ባለው ቤታችን ተቀምጬ አንድ ስሌት ስጨርስ፣ ቁጥሩ ከግሪንላንድ በስተምሥራቅ በረዶ አለ ይላል፤ ካርታው ላይ ግን ቦታው ባዶ ባሕር ነው። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ስሌት ነው። እንዴት ይጣላሉ?

ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። ካርታውን ደጋግሜ አወጣሁት። ያው ነው። ሰኞ ውጤቱን ለአማካሪዬ ማቅረብ አለብኝ፤ ምግብ አስጠላኝ። ባለቤቴ ሰበታ ከተማ ከምትሠራበት ፋብሪካ ስትመለስ ቀና ብዬ እንኳን ሰላም አላልኳትም።

"አሁንም አልተገኘም?" አለችኝ ከኋላዬ ቆማ።

"እዚህ ጋ በረዶ መኖር ነበረበት። ባሕር አድርጎ ሣለው" አልኩና በጣቴ አሳየኋት።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

"አለ እኮ። ከነጩ ቀጥሎ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ። ጣትህ እሱ ላይ ነው ያለው።"

የምትቀልድ መስሎኝ ተቆጣሁ። እሷ ግን የስክሪኑን ብርሃን ጨመረችና "አሁንስ?" አለች። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። እኔ የሚታየኝ አሁንም ባሕር ብቻ ነው።

"ባለፈው ታክሲ ተራ ስትራመድ ከአንድ ሰውዬ ጋር የተጋጨኸውም ለዚህ ነው?"

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄደን አንዲት የዓይን ሐኪም ረጅም ጊዜ መረመረችኝ። "ግላኮማ ነው፤ የዓይን ነርቭን እየጎዳ እይታ የሚቀንስ በሽታ" አለች። "የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ግን እንሞክራለን።"

ሰኞ አማካሪዬ ካርታውን አይተው አንድም ስህተት እንደሌለው ነገሩኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ የጎደለው የእኔ ዓይን መሆኑ ተረጋገጠ። የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው፣ "ሥራህን የሚወስድብህ የለም፤ መጀመሪያ ዓይንህን" አሉኝ።

ባለቤቴ ሰበታ ውስጥ ለዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚያስተምሩ፣ እሳቸውም ማየት የተሳናቸው አንድ አዛውንት አገኘች። "አካም ጅርታ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበሉኝና ጆሮ ማዳመጫውን በእጄ አስያዙኝ።

"ጨፍን" አሉኝ።

"ትንሽ አያለሁ እኮ፣ ጋሼ።"

"አውቃለሁ። ጨፍንና ስማ።"

ፈራሁ። ጨፈንኩ። የኮምፒውተሩ ድምፅ ይዤው ከሄድኩት ስሌት የበረዶውን ስፋት ወር በወር እየጠራ ሲወርድ፣ መጀመሪያ ምንም አልያዝኩም፤ ቆይቶ በእኛ ክረምት በረዶው ሲቀልጥ ቁጥሩ እንዴት እንደሚያሽቆለቁል መከተል ጀመርኩ።

አሁን እየሠራሁ ነው፤ ሐኪሟ ያዘዘችልኝን የዓይን ጠብታም አላቋርጥም። ለምርመራ በሄድን ቁጥር ሐኪሟ እስክትናገር ድረስ ባለቤቴ እጄን ጨብጣ ትይዛለች። እስካሁን የምንሰማው "ባለበት ነው" የሚለውን ነው።