ባሮ የምትባል እህት

የእህቴ ስም አንድ ታንኳ አስከፍሎናል።

ትናንት ጋምቤላ ገበያ አንዲት እናት ልጇን «ባሮ! ነይ እዚህ!» ስትል ሰምቼ ሚዛኔን እንደያዝኩ ቀረሁ። ስሙ ዛሬም ብርቅ ነው። በደርግ ጊዜማ ሴት ልጇን በወንዙ ስም የጠራች ከእናቴ በቀር አላውቅም።

እህቴ በተወለደች ሰሞን የቀበሌው ሊቀመንበር የአራስ ገንፎ ሊበላ ቤታችን መጥቶ ነበር። ቅቤው አገጩ ላይ እየፈሰሰ፣ «ስሟ ማን ተባለ?» አለ።

«ባሮ» አለች እናቴ፣ ማንም ሳይቀድማት። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ባሮ ወዴት ነው የሚፈሰው፣ ጓድ ተሰማ?» አለ ሊቀመንበሩ ወደ አባቴ ዞሮ።

«ወደ ሱዳን» አለ አባቴ። «የሚመጣው ግን ከደጋ ነው ጓድ፤ እንደ እኛ።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። ዓይኑ ግን በመስኮቱ አሻግሮ ሸቀጥ የምናመላልስባትን ታንኳ ያይ ነበር። በማግስቱ ታጣቂዎች መጥተው ወሰዷት።

አባቴ ደጅ ቆሞ ሲራገም፣ እናቴ ሕፃኗን እያጠባች ኛማል ለምትባለው ጎረቤታችን፣ «እሰይ! ብቻውን ሊሄድባት ነበር» አለቻት። ያኔ የሚሄደው ኢታንግ ገበያ መስሎኝ ነበር፤ ሊሸሽ ያሰበው ወደ ሱዳን መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ስሙን ለምን እንደመረጠችው እናቴን ብጠይቃት፣ «ደስ ስላለኝ» ብላ ዘጋችው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ አልገዛም።

ታንኳዋ አልተመለሰችም። አባቴ እስኪሞት ከእኛ ጋር ኖረ።